ማን ያሸንፋል?



እንደ አገራችን አቆጣጠር ከሚያዝያ 25 እስከ ግንቦት 3 ቀን 1989 ዓ.ም. ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሰውና አንድ ማሽን ቼዝ ተጫወቱ። ሰውዬው በዘመኑ ከነበሩ ተጫዋቾች ሁሉ ከፍተኛ ደረጃ የነበረው ግራንድ ማስተር ጋሪ ካስፓሮቭ ነው። ማሽኑ ደግሞ አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ዲፕ ብሉ ነው። ግጥሚያው ስድስት ጨዋታ ነበረው። ከመጀመሩ በፊት ቼዝ የሚያውቀውም የማያውቀውም አንድ ጥያቄ ይጠያየቅ ነበር፤ ማን ያሸንፋል?

ይህን ያረጀ ወሬ ዛሬ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያታችን አንዲት እናት ናቸው። ከዓድዋ ድል መታሰቢያ ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና፣ ከዋናው ፖስታ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ የአገር ባህል ዕቃ ይሸጣሉ። ከሚሸጡት ውስጥ ከእንጨት የተቀረጸ የቼዝ ገበታ አለ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ገበያ ሲቀዘቅዝ በዚያው ገበታ ይጫወታል፤ ጎበዝ ነው ይባላል። እናትየውን ያስጨነቃቸው ግን ቼዙ አይደለም። ልጁ በየሳምንቱ መጨረሻ በእግር ኳስ ውጤት ላይ ገንዘብ ያስይዛል። ከሱቁ የሚሰጡት የኪስ ገንዘብ አልበቃው ብሎ ለትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጡትን መንካት ጀምሯል።

“እናንተ መጽሔት የምትጽፉ አይደላችሁ? እስቲ ለዚህ ልጅ አንድ ነገር በሉልኝ፤ የኔን ነገር ከሰማ ቆይቷል” አሉን።

ልጁ አልተቆጣም። ጨዋ ልጅ ነው። ከመካከላችን ወደ አንዱ ዞሮ፣ “ጋሼ፣ እኔ ቁማር አልጫወትም፤ አሰላለሁ እንጂ” አለ። “ካስፓሮቭ በኮምፒዩተር እንደሚሸነፍ ያሰሉ ሰዎች ቀድመው ያውቁ ነበር። ሰው ቁጭ ብሎ ካሰላ ማወቅ ይችላል ማለት ነው። ካወቀ ደግሞ ቁማሩ የቱ ላይ ነው?”

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ቆም ብለን አሰብንበት፤ መልሱንም በዚህ አምድ እንደምንጽፍለት ቃል ገባን። ልጁ በግማሹ ልክ ነው። ነገር ግን የትኛው ግማሽ ልክ እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ ለመለየት ታሪኩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1957 ኸርበርት ሳይመን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ከባልደረባው ከአለን ኒዌል ጋር ሆኖ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ኮምፒዩተር የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን ይሆናል ብሎ ተነበየ። ሳይመን ቀላል ሰው አይደለም፤ በኋላ በ1978 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ ነው። አሥሩ ዓመት ደረሰ፤ አለፈም። ማሽኑ የዓለምን ሻምፒዮን በግጥሚያ ለመርታት አርባ ዓመት ፈጀበት። ሳይመን “ይሆናል” ባለው አልተሳሳተም፤ “መቼ” ባለው ግን በሠላሳ ዓመት ሳተ።

በ1968 ደግሞ ዴቪድ ሌቪ የተባለ የቼዝ ተጫዋች ከኮምፒዩተር ሊቁ ከጆን ማካርቲ ጋር በ500 ፓውንድ ተወራረደ። እስከ አሥር ዓመት ድረስ የትኛውም ኮምፒዩተር እኔን በግጥሚያ አያሸንፈኝም አለ። በኋላ ሌሎችም እየገቡበት ገንዘቡ ከፍ አለ። በ1978 ቶሮንቶ ላይ ቼስ 4.7 ከተባለው የጊዜው ብርቱ ፕሮግራም ጋር ተጋጠመና 3.5 ለ1.5 ረታ። ውርርዱንም በላ። ይህን ልጃችን ቢሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም። ታሪኩ ግን እዚያ አላበቃም። ያው ሌቪ በ1989 ዲፕ ሶት ከተባለው ማሽን ጋር ተጋጥሞ 4 ለ0 ተሸነፈ። ሌቪን ያዳነው እውቀቱ ብቻ ሳይሆን የውሉ ቀነ ገደብም ነው።

ልጁ “ቀድመው አውቀዋል” ያላቸው ሰዎች እነማን ናቸው? ለዚህ ማዕረግ የሚበቃው፣ በእኛ አስተያየት፣ ኬን ቶምሰን የተባለ የቤል ላብራቶሪ መሐንዲስ ነው። ቤል የተባለች የቼዝ ማሽን ነበረችው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቀላል ነገር አደረገ። ያንኑ ፕሮግራም ከራሱ ጋር አጋጠመው። ልዩነቱ አንደኛው ወደፊት የሚያየው በአንድ እርምጃ የበለጠ መሆኑ ብቻ ነው። ይህን እየደጋገመ ሲመዘግብ፣ ማሽኑ ወደፊት የሚያየው በአንድ እርምጃ በጨመረ ቁጥር ጉልበቱ በ200 ነጥብ ግድም እንደሚጨምር አገኘ።

ነጥቡ ምን እንደሆነ እናስረዳ። በትውልዱ ሃንጋሪያዊ የሆነ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ የቼዝ ተጫዋቾችን ጉልበት በቁጥር የሚለካ ዘዴ አበጅቶ ነበር። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀበለው። ሁለት ተጫዋቾች እኩል ነጥብ ካላቸው ከመቶ ሃምሳ፣ ሃምሳ ይካፈላሉ። አንዱ በ100 ከበለጠ ከመቶው 64 ያህል፣ በ200 ከበለጠ 76 ያህል፣ በ400 ከበለጠ 91 ያህል ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል። ቅድመ ግምቱ እንዲህ በሰንጠረዥ ተዘርዝሮ ይገኛል።

በነገራችን ላይ፣ አኃዝ የምንደረድርበትን ሠንጠረዥ “ሰንጠረዥ” ስንል የምንጠራው በቼዝ ስም ነው። ቃሉ የዐረብኛው “ሸጥረንጅ” ነው። ጨዋታው ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረቦች፣ ከዚያም ወደኛ ሲመጣ ስሙን ይዞ መጣ። አያቶቻችን የተጫወቱበት ባለ ስልሳ አራት ቤት ገበታ ስሙን ለጠቅላላው አውርሶ ቀረ። ወደዚህ እንመለስበታለን።

እንግዲህ የቶምሰንን መስመር የያዘ ሰው አንድ ነገር ማለት ይችል ነበር። የማሽኖች ፍጥነት በየዓመቱ እያደገ ነው፤ ፍጥነት ሲያድግ የሚያዩት እርምጃ ይረዝማል፤ እርምጃው ሲረዝም ነጥቡ ይጨምራል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሻምፒዮኑ ላይ ይደርሳሉ። ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው። ልጃችን ልክ የሆነበት ግማሽም ይኸው ነው። በ1988 ዲፕ ሶት የዴንማርኩን ግራንድ ማስተር ቤንት ላርሰንን በውድድር ላይ አሸነፈ። በ1989 ካስፓሮቭ ያንኑ ማሽን 2 ለ0 ረታ። ስሌቱ ግን መንገዱን ቀጠለ።

አሁን ወደ ግጥሚያው እንምጣ። በየካቲት 1996 ካስፓሮቭና ዲፕ ብሉ ፊላደልፊያ ላይ ተገናኙ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ማሽኑ አሸነፈ። ካስፓሮቭ ተነሥቶ በመጨረሻ 4 ለ2 አሸነፈ። ታዲያ በሚቀጥለው ዓመት ብዙዎች ካስፓሮቭ ይደግማል ቢሉ አይፈረድባቸውም። ያለፈው ውጤት በእጃቸው ነው። ያልቆጠሩት አንድ ነገር ነበር። በ1997 የመጣው ዲፕ ብሉ የአምናው አልነበረም። ፍጥነቱ በእጥፍ አድጎ በሰከንድ እስከ 200 ሚሊዮን የሚደርስ አቋም የሚመረምር ሆኗል። ጆኤል ቤንጃሚን የተባለ ግራንድ ማስተርም አብሮ ሠርቶበታል። ስሙ አንድ፣ ማሽኑ ሌላ። (እግር ኳስ ተወራራጆችም እንዲሁ “አምና አሸንፏቸው ነበር” ሲሉ እንሰማለን፤ የአምናው ቡድን ውስጥ ዘንድሮ ማን እንዳለ ሳይጠይቁ።)

ስሜትም አለ። ብዙ ሰው ካስፓሮቭ እንዲያሸንፍ የፈለገው ሰው ስለሆነ ነው፤ ከዚያም የፈለገውን ነገር የገመተው ነገር አስመሰለው። ይህ የዛሬ ጠባይ አይደለም። በአሥረኛው መቶ ዓመት መግቢያ ባግዳድ ላይ ኸሊፋው አል-ሙክተፊ አል-ማዋርዲ የተባለ የሸጥረንጅ ተጫዋች ነበራቸው። ይወዱት ነበር። አስ-ሱሊ የተባለ አዲስ ሰው መጥቶ ሲጋጠመው ኸሊፋው በግልጽ ለወዳጃቸው አደሉ። ጨዋታው ሲያበቃ ግን አሸናፊው አስ-ሱሊ ነበር። ስሙም ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የሸጥረንጅ ሊቅ ተብሎ ሲጠራ ኖረ።

የ1997ቱ ግጥሚያ ዝርዝር ለጥያቄያችን ዋናው ነውና ትንሽ እንቆይበት። የመጀመሪያውን ጨዋታ ካስፓሮቭ አሸነፈ። በሁለተኛው ማሽኑ ማሽን የማይጫወተው የሚመስል ረጋ ያለ ጨዋታ ተጫወተ። ካስፓሮቭ ተስፋ ቆረጠና እጅ ሰጠ። በማግስቱ ነገሩ ሲመረመር፣ እጅ የሰጠበት አቋም ንጉሡን እየደጋገሙ ቼክ በማለት አቻ ሊወጣበት የሚችል ሆኖ ተገኘ! የዓለም ቁንጮ ተጫዋች ያልተሸነፈውን ጨዋታ በገዛ እጁ ለቀቀ። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው አቻ ወጡ። ሁለቱም 2.5 ይዘው ስድስተኛው ጨዋታ ደረሰ። በዚያ ጨዋታ ማሽኑ ገና በጠዋቱ ፈረሱን መሥዋዕት አደረገ። ካስፓሮቭ በአሥራ ዘጠነኛው እርምጃ እጅ ሰጠ። ውጤቱ 3.5 ለ2.5 ሆነ።

አሁን ልጃችን እርሳስ ይዞ ያስላ። ካስፓሮቭ ሁለተኛውን ጨዋታ ባይለቅና አቻ ቢወጣ ኖሮ፣ ወደ ስድስተኛው ጨዋታ የሚገባው 3 ለ2 እየመራ ነበር። የመጨረሻውን እንዲሁ ቢሸነፍ እንኳ ግጥሚያው በ3 ለ3 ያልቃል። በዓለም ጋዜጦች ላይ የወጣው ርዕስ ሌላ በሆነ ነበር። በቶምሰን መስመር ውስጥ፣ በኤሎ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ “ሰውዬው በሁለተኛው ቀን ይደነግጣል” የሚል ዓምድ የለም። ስሌቱ አሥር ዓመቱን ያውቅ ነበር፤ ያንን ሳምንት ግን አላወቀውም። በ100 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች እንኳ በስድስት ጨዋታ የሚጠበቅለት 3.8 ግድም ነው። አንድ የተበላሸ ቀን ይህን ይገለብጠዋል።

ከዚያም በኋላ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። በጥቅምት 2002 የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላድሚር ክራምኒክ ባሕሬን፣ ማናማ ላይ ዲፕ ፍሪትስ ከተባለው ፕሮግራም ጋር ስምንት ጨዋታ ገጠመ። ከአራቱ በኋላ 3 ለ1 መራ። በዚያች ምሽት ገንዘቡን በክራምኒክ ላይ ያስያዘ ሰው እንቅልፉን ጥግብ ብሎ ይተኛ ነበር። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ተሸነፈና ግጥሚያው 4 ለ4 አለቀ። በ2006 ቦን ላይ እንደገና ሲገናኙ፣ ክራምኒክ በሁለተኛው ጨዋታ በአንድ እርምጃ የሚመጣ ማት ሳያይ ቀረ። ጀማሪ ልጅ የሚያየውን! በ4 ለ2ም ተሸነፈ።

በመካከሉ፣ በ2005፣ መኖሪያው አቡ ዳቢ የነበረው ሃይድራ የተባለ ማሽን እንግሊዛዊውን ማይክል አዳምስን ለንደን ላይ 5.5 ለ0.5 አሸነፈ። ከስድስት ጨዋታ አንድ አቻ ብቻ! ይህ ከሌሎቹ ይለያል። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን አጋጣሚ ቦታ እያጣ ይሄዳል። ዛሬማ ኪስ ውስጥ የሚገባ ስልክ ማንኛውንም ግራንድ ማስተር ይረታል። እስካሁን በሰው ከተደረሰበት ሁሉ ከፍተኛው ነጥብ በ2014 ማግነስ ካርልሰን የደረሰበት 2882 ነው። ምርጦቹ ፕሮግራሞች በራሳቸው ሰንጠረዥ ከ3500 በላይ ተቆጥረዋል። እንግዲህ “ሰውና ኮምፒዩተር ቼዝ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?” ለሚለው ጥያቄ ዛሬ መልሱ ይታወቃል።

ታዲያ ልጃችን በዚህ ላይ ገንዘብ የሚያስይዝለት ሰው ይፈልግ እስቲ። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ቢዞር አንድም አያገኝም። የሚታወቅ ነገር ላይ የሚወራረድህ የለም። የሚወራረድህ ሰው ከተገኘ ነገሩ ያልታወቀ ስለሆነ ነው፤ ወይም እሱ ካንተ የበለጠ ስለሚያውቅ ነው።

የቤቲንግ ቤት ሂሳብም ይኸው ነው። ለምሳሌ እኩል ዕድል ባላቸው ሁለት ወገኖች ላይ ለእያንዳንዱ 1.85 ኦድ ተሰጠ እንበል። አንዱ ሰው በአንደኛው ወገን 100 ብር፣ ሌላው በሌላኛው ወገን 100 ብር አስያዘ። ቤቱ 200 ብር ሰበሰበ። ማንም ያሸንፍ ማን የሚከፍለው 185 ብር ነው። 15 ብሩ ኳሱ ሳይነካ በፊት የቤቱ ሆኗል። በዚህ ስሌት በየቀኑ 100 ብር የሚያስይዝ ልጅ በወር 3,000 ብር ያወጣል፤ በአማካይ የሚመለስለት 2,775 ብር ነው። 225 ብሩ ለተስፋ የተከፈለ ኪራይ ነው። ልጃችን የቡድኖቹን ጉልበት ሲያሰላ ያመሻል። ኦዱን ያወጡት ሰዎች ግን ያንኑ ስሌት ከሱ በተሻለ ኮምፒዩተር ጨርሰው፣ ትርፋቸውን ቀንሰው ነው ያቀረቡለት። እሱ ራሱን እንደ ዲፕ ብሉ ይቆጥራል፤ የተቀመጠው ግን በካስፓሮቭ ወንበር ነው።

“ካስፓሮቭስ ገንዘብ አግኝቷል” ይለን ይሆናል። አዎን፤ ለአሸናፊው 700,000 ዶላር፣ ለተሸናፊው 400,000 ዶላር ተመድቦ ነበር። ይህን ገንዘብ ያወጣው ግን አይ ቢ ኤም ነው። ካስፓሮቭ ከኪሱ አላስያዘም። ከሦስተኛ ወገን የሚሰጥ ሽልማትና ሁለቱ ወገኖች አስይዘው አንዱ የሚበላው ገንዘብ በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ ተለይተው የታዩ ጉዳዮች ናቸው። በሱረቱል ማኢዳ ቁማር ከአስካሪ መጠጥ ጋር ተጣምሮ መከልከሉን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ስለ ሸጥረንጁ ራሱ ዑለማዎች ተለያይተዋል። ብዙዎቹ ከልክለውታል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ደግሞ ውርርድ ከሌለበትና ከሶላት ካላዘናጋ የተጠላ እንጂ ሐራም አይደለም የሚል የታወቀ አስተያየት አለ። ይህ አምድ ፈትዋ የሚሰጥበት ስላልሆነ ዝርዝሩን ለሚያውቁት እንተዋለን። ውርርድ ሲገባበት ግን ልዩነቱ እንደሚያበቃ መናገር ይበቃናል።

እንግዲህ ለእናትየው ያለን ሐሳብ ይህ ነው። ልጁን “ማስላት ተው” አይበሉት። እንዲያውም ደብተር ይግዙለት። በየሳምንቱ ግምቱን ከጨዋታው በፊት በቁጥር ይጻፍ፤ “ያሸንፋል” ሳይሆን “ከመቶ ስልሳ” ብሎ። ከጨዋታው በኋላ ውጤቱን አጠገቡ ያስፍር። ብር አይያዝበት። “ከመቶ ስልሳ” ያላቸው ጨዋታዎች በእርግጥ ከመቶ ስልሳ ያህሉ መድረስ አለመድረሳቸውን ከሃምሳና ከስልሳ ግምት በኋላ ራሱ ያየዋል። ቶምሰን ያደረገውም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ይህን የወደደ ልጅ ስታቲስቲክስ የሚባለው ትምህርት የት እንዳለ ቢነገረው ደግሞ፣ በቸርችል ጎዳና ካሉት ባንኮችና ኢንሹራንሶች ውስጥ በዚሁ ሙያ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች እንዳሉ ይወቅ።

አሁን ወደ ሰንጠረዣችን እንመለስ ብለን ነበር። የአገራችን ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት አንድ ድንቅ ሕግ ነበረው። “ወረራ” ይባላል። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም እንደ እጃቸው ፍጥነት የፈለጉትን ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ ያንዱን አሰላለፍ እያዩ የራስን ማስተካከልም ይቻላል። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ መውደዳቸውን ጽፏል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ማሸነፍ ብቻውን አያስመሰግንም ነበር ይባላል። በፈረስ ማት ያደረገ ብዙም አይደነቅም፤ በወታደር ማት ያደረገ ግን ይወደሳል።

ኮምፒዩተርና ሰው በዚህ ሕግ ቢገጥሙስ ማን ያሸንፋል? ተራ በተራ ሲሆን ማሽኑ እንደሚረታ አንጠራጠርም። በወረራው ጊዜ ግን አንደኛው ጠጠሩን በእጁ የሚያንቀሳቅስ ሰው፣ ሌላው በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ሐሳቡን የሚለውጥ ማሽን ሲሆኑ፣ ጨዋታው መቼ ይጀመራል? የማሽኑን ጠጠር ማን ያንቀሳቅስለታል? የእኛ ግምት ከመቶ ዘጠናው ለማሽኑ ነው፤ በደብተራችን ላይ ጽፈነዋል። ወረራ ሲጫወቱ ያየ ወይም የተጫወተ አባት በቤቱ ያለው አንባቢ ካለ፣ አባትየው ምን እንደሚሉ ጠይቆ ቢጽፍልን በሚቀጥሉት እትሞች እናወጣለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።